«አቤት» ማለት ጤና አይደለም
በማከማቻ ክላስተር የሜታዳታ ሰርቨሮች የጤና ክትትል ላይ የቀረበ ሒስ

መግቢያ

ሒስ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በልብ ወለድ፣ በቅኔ ወይም በቴአትር ላይ የሚጻፈውን ነው። ይሁን እንጂ ሰው ለሰው አገልግሎት ብሎ የሠራው ነገር ሁሉ፣ ስለ ራሱ የሚናገረው ቃል ካለው፣ ቃሉ እውነት መሆኑና አለመሆኑ ሊመረመር ይገባል። የኮምፒዩተር ሥርዐትም ስለ ራሱ ይናገራል፤ «ደኅና ነኝ»፣ «ሥጋት አለብኝ»፣ «ታምሜያለሁ» ይላል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህን ቃል ነው፤ ይኸውም ሴፍ የተባለው የማከማቻ ሥርዐት የሜታዳታ ሰርቨሮቹን ጤና የሚከታተልበትና ለሰው የሚያስታውቅበት ዘዴ ነው። ሴፍ ምንጩ ለማንም የተከፈተ ፕሮግራም ስለ ሆነ፣ ገንዘብ የሌለው ተማሪ እንኳ አሮጌ ኮምፒዩተሮች አሰባስቦ ሊሞክረው ይችላል። እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው።

የምንለው ነገር ባጭሩ ይህ ነው። የአንድ መዝገብ ያዥ ጤና መለካት ያለበት ስሙ ሲጠራ «አቤት» በማለቱ ሳይሆን፣ በሩ ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ባለጉዳይ መልስ በማግኘቱ ነው። የማስጠንቀቂያም ክብደት መመዘን ያለበት ማስጠንቀቂያው በተጻፈበት አገር ሳይሆን በሚነበብበት ቦታ ነው። ሴፍ ብዙ መልካም ምልክት ይሰበስባል፤ ነገር ግን የሰበሰበውን በሦስት ቃል ሲያጠቃልለው ቀላሉና ከባዱ አንድ መልክ ይይዛሉ። ይህን ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከደረሰብን ጕዳት ለማስረዳት እንሞክራለን።

ሜታዳታ ምንድን ነው?

የምንሠራባት የኪራይ ክፍል የምትገኘው በደቡብ አዲስ አበባ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ሀይሌ ጋርመንት በሚባለው ሰፈር ነው። የታክሲ ረዳቶች «ጋርመንት! ጋርመንት!» እያሉ የሚጠሩት ይኸው ሰፈር ነው። በዚህ ሰፈር የአትክልትና የፍራፍሬ የጅምላ ገበያ አለ። ገበያው ለብዙ ዘመን በፒያሳ አጠገብ፣ አትክልት ተራ በሚባለው ቦታ ይኖር ነበር፤ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከጃንሜዳ ተነሥቶ ወደ ሀይሌ ጋርመንት መጣ።

አንዲት ቸርቻሪ አንድ ኩንታል ሽንኩርት ፈልጋ ወደዚህ ገበያ ብትመጣ፣ ሽንኩርቱ ያለው በመደብ ላይ ነው። ሽንኩርቱ በየትኛው መደብ እንዳለ፣ የማን እንደ ሆነ፣ መቼ እንደ ገባ፣ ተሽጦ እንደ ሆነ ወይም እንዳልሆነ የሚያውቀው ግን መደቡ አይደለም፤ ደላላው ወይም ደብተር የያዘው ሰው ነው። ደብተር የያዘው ሰው አንድ ራስ ሽንኩርት እንኳ በእጁ ላይኖረው ይችላል። ነገር ግን እርሱ የጠፋ ዕለት፣ ገበያው በሽንኩርት ተሞልቶ ሳለ፣ ገዢዋ ባዶ ከረጢቷን ይዛ ትመለሳለች። ሽንኩርቱ ዳታ ነው፤ ስለ ሽንኩርቱ ያለው ዕውቀት ሜታዳታ ነው። ገበያው ሁለት ጊዜ ሲዛወር ዕቃው በመኪና ተጫነ፤ ማን የት እንደሚቀመጥ የሚናገረው ዕውቀት ግን በመኪና አይጫንምና ሻጩም ገዢውም እንደ ገና ሊማሩት ግድ ነበር።

የማከማቻ ክላስተር ብዙ ኮምፒዩተሮች ተባብረው እንደ አንድ ታላቅ ጎተራ የሚሠሩበት ማኅበር ነው። የፋይሉ አካል ተቈራርጦ በብዙ ዲስኮች ላይ ይቀመጣል። የፋይሉን ስም፣ ያለበትን ማኅደር፣ ባለቤቱን፣ መጠኑን፣ የተለወጠበትን ጊዜ፣ ማን ሊያነበው እንደሚችል የሚያውቀው ግን የሜታዳታ ሰርቨር ነው። ይህ ዕውቀት በመጠን ትንሽ ቢሆንም በሥራ ብዛት ትንሽ አይደለም። ሴጅ ዋይልና የሥራ ጓደኞቹ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ክሩዝ ሆነው በ2006 እ.ኤ.አ. ሴፍን ባስተዋወቁበት ጽሑፍ፣ በተለመደ የፋይል ሥርዐት ከሚደረገው ሥራ እስከ ግማሽ የሚደርሰው የሜታዳታ ሥራ መሆኑን አመልክተዋል።

ጉግል በ2003 እ.ኤ.አ. የገለጠው የፋይል ሥርዐት ይህን ዕውቀት ሁሉ ለአንድ አለቃ ሰርቨር ሰጥቶ ነበር። ከዚያ አርአያ የወሰደው ሀዱፕም በመጀመሪያ ለአንድ «ኔምኖድ» ሰጠው። ሴፍ ግን ሥራውን ለብዙ ሰርቨሮች ለማከፋፈል አሰበ። የፋይል ሥርዐቱ ለመደበኛ ሥራ ብቁ ነው የተባለው በ2016 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ብዙ የሜታዳታ ሰርቨሮች ባንድ ጊዜ ሥራ ላይ መዋላቸው የጸናው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው።

ለዚህ ጽሑፍ የሚያስፈልገን አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የሴፍ ሜታዳታ ሰርቨር ደብተሩን በራሱ ቤት አያኖርም፤ በክላስተሩ ዲስኮች ላይ ያኖረዋል። አንድ ለውጥ ሲደረግ በመጀመሪያ በዕለት መዝገብ ላይ ይጽፈዋል፤ በኋላ ጊዜ ሲያገኝ ወደ ቋሚው መዝገብ ገልብጦ የዕለት መዝገቡን ከኋላው ይከረክማል። ስለዚህ ሰርቨሩ ቢሞት፣ ተጠባባቂው የሟቹን የዕለት መዝገብ ከጋራው መደርደሪያ አንሥቶ ያነባል፤ አንብቦም ሲጨርስ ሥራውን ይቀጥላል። ይህ ብልኅ አሠራር ነው። ግን የዕለት መዝገቡ በረዘመ ቍጥር የተተኪው ንባብም እንደሚረዝም አንባቢ ልብ ይበል።

ስም የመጥራት ሥርዐት

በሚሲዮን ትምህርት ቤት አዳሪ ሳለን ማታ ማታ የጥናት ሰዓት ነበረን። የክፍሉ ሞኒተር ስም ይጠራል፤ የተጠራው «አቤት» ይላል፤ ሞኒተሩም በደብተሩ ምልክት ያደርጋል። ከመካከላችን አንዱ ክንዱን ተንተርሶ ተኝቶ፣ ስሙን ሲሰማ ብቻ ነቅቶ «አቤት» ብሎ የሚተኛ ነበር። በሞኒተሩ ደብተር ግን አንድ ሌሊት እንኳ ከጥናት ያልቀረ ተማሪ እርሱ ነበር።

በሴፍ ውስጥ ስም የሚጠሩት ፕሮግራሞች ስማቸው ራሱ «ሞኒተር» ነው። እያንዳንዱ የሜታዳታ ሰርቨር በየ4 ሴኮንዱ «አለሁ» የሚል ምልክት ይልክላቸዋል። ምልክቱ ለ15 ሴኮንድ ያህል ከቀረ ሰርቨሩን እንደ ጠፋ ቈጥረው፣ ተጠባባቂ ካለ ቦታውን ለእርሱ ይሰጣሉ። እነዚህ ቍጥሮች ፕሮግራሙ ሲሠራ የተወሰኑ ናቸው፤ የክላስተሩ ባለቤት ሊለውጣቸው ይችላል።

ሴፍን የምናመሰግንበት የመጀመሪያው ነገር እዚህ ላይ ነው። ሰርቨሩ ምልክቱን ከመላኩ በፊት የራሱን የውስጥ ሥራ ይመረምራል፤ ሥራው ተሰናክሎ ካገኘውም ምልክቱን ሳይልክ ይቀራል። ይህም ማለት ተኝቶ «አቤት» ማለት በሴፍ ዘንድ ከባድ ነው። ምልክቱም ባዶ ቃል አይደለም፤ ሰርቨሩ ያለበትን ችግር አብሮ ያስታውቃል። አንድ ጥያቄ ከ30 ሴኮንድ በላይ መልስ ሳያገኝ ከቆየ ይናገራል። አንድ ደንበኛ የተሰጠውን የፋይል ፈቃድ እንዲመልስ ተጠይቆ በ60 ሴኮንድ ውስጥ ካልመለሰ ደንበኛውን ይከሳል። በሚሞሪ የያዘው ዕውቀት ከተፈቀደለት ገደብ አንድ ተኩል እጥፍ ካለፈ ያመለክታል፤ ገደቡም ከፋብሪካው እንደ መጣ 4 ጊጋባይት ነው። የዕለት መዝገቡ ክፍሎች ከ128 ሁለት እጥፍ ሲያልፉ «መከርከሙ ወደ ኋላ ቀርቶብኛል» ይላል። ዲስኮቹ ራሳቸው ሲዘገዩበትም ጥፋቱ ከእርሱ አለመሆኑን ይገልጣል።

ከነዚህ ምልክቶች መካከል ባለጉዳዩን በቀጥታ የሚመለከተው የመጀመሪያው፣ ማለት የ30 ሴኮንዱ ነው። የቀሩት ስለ ሰርቨሩ ሆድ ዕቃ ይናገራሉ። ለሐኪም ሁሉም ይጠቅማሉ። ችግሩ የሚመጣው እነዚህ ሁሉ ተጠቃልለው ወደ አንድ ፍርድ ሲለወጡ ነው። ፍርዱ ሦስት ዐይነት ብቻ ነው፤ «ጤናማ»፣ «ማስጠንቀቂያ»፣ «ስሕተት»፤ በሰሌዳው ላይም አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ሆነው ይታያሉ።

የደረሰብን ነገር

ክላስተራችን ሦስት ያገለገሉ ኮምፒዩተሮች ያሉት ነው። እያንዳንዱ 8 ጊጋባይት ሚሞሪ አለው። በሁለቱ ላይ የሜታዳታ ሰርቨር አለ፤ አንዱ ሥራ ላይ፣ ሌላው ተጠባባቂ። በላዩም የራሳችንንና የጥቂት ጓደኞቻችንን የጥናት ሰነድ እናኖር ነበር። ከነዚህ መካከል አንዱ ለመመረቂያ ጽሑፉ ሲል ንጋት ላይ እየተነሣ ወደ አትክልት ገበያው ይወርድ ነበር። የቲማቲም፣ የሽንኩርትና የድንች ዋጋ ይጠይቃል፤ የነጋዴዎቹን መልስ ይመዘግባል፤ ተመልሶም በእኛ ክላስተር ላይ ያስቀምጠዋል። አደራው የእኛ ነበር።

የኮምፒዩተሮቹ የሰዓት ባትሪ ያለቀ ስለ ነበር፣ መብራት ሄዶ በመጣ ቍጥር ሰዓታቸው ይዛባል። ሴፍ በሞኒተሮቹ መካከል ከ0.05 ሴኮንድ የሚበልጥ የሰዓት ልዩነት ሲያገኝ ያስጠነቅቃል። ስለዚህ ሰሌዳችን ሳምንታት ሙሉ ቢጫ ነበር። በመጀመሪያ አስጨነቀን፤ ከዚያ ለመድነው፤ በመጨረሻ ቢጫው ለእኛ እንደ አረንጓዴ ሆነ። በዚህ መካከል የዕለት መዝገቡ መከርከም ወደ ኋላ መቅረት ጀመረ። ዲስኮቻችን ዝግተኞች ነበሩ፤ ያን ሰሞን ደግሞ አንድ ፕሮግራም እልፍ አእላፍ ትንንሽ ፋይሎች ያስገባ ነበር። ከቢጫው ሥር ሁለተኛ መስመር ተጻፈ። መስመሩ ተጽፎ ነበር፤ ያላነበብነው እኛ ነን። ቀለሙ ግን አልተለወጠም።

በግንቦት ወር መጨረሻ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መብራት ሄደ። ማታ ሲመለስ ሰርቨሩ ተነሥቶ የዕለት መዝገቡን ማንበብ ጀመረ። መዝገቡ ከልክ በላይ ረዝሞ ስለ ነበር ሚሞሪው ሞላ፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙም ኮምፒዩተሩን ለማዳን ሲል ሰርቨሩን ገደለው። ተጠባባቂው ተተካ፤ ያንኑ መዝገብ ከመጀመሪያው ገጽ ገለጠ፤ እርሱም በዚያው መንገድ ሞተ። የመጀመሪያው እንደ ገና ተነሣ። እንዲህ ሲፈራረቁ አመሹ። ጓደኛችን ጽሑፉን ሰኞ ጧት ማስረከብ ነበረበት። ከአጠገባችን ተቀምጦ «ፋይሌ ጠፍቷል ወይስ አልጠፋም?» እያለ ይጠይቀናል፤ እኛም የምንመልስለት አልነበረንም። በመጨረሻ ጥያቄውን ተወና፣ በራሱ ደብተር ላይ የሚያስታውሰውን ዋጋ እየጻፈ ሌሊቱን አነጋ።

ያን ሌሊት ሰሌዳው ምን ይል ነበር? ሁለቱም ሰርቨሮች ባንድ ጊዜ በወደቁባቸው ጥቂት ደቂቃዎች ቀይ ይሆናል፤ አንደኛው ተነሥቶ ማንበብ ሲጀምር ግን ወደ ቢጫ ይመለሳል። «አንድ የፋይል ሥርዐት ተዳክሟል» የሚለው ቃል በሴፍ ሕግ ማስጠንቀቂያ እንጂ ስሕተት አይደለምና።

እሑድ ከአንድ ጓደኛችን ኮምፒዩተር ሚሞሪ ነቅለን ጨመርን፤ ከዲስኩም ላይ ተጨማሪ መጠባበቂያ ቦታ ከፈትን፤ ተጠባባቂው ጣልቃ እንዳይገባ አቆምነው፤ የሞኒተሮቹንም የትዕግሥት ገደብ አስረዘምነው። ሰርቨሩ ንባቡን ጨርሶ ወደ ሥራ የገባው ለሰኞ አጥቢያ ነው። አንድ ፋይል እንኳ አልጠፋም። ነገር ግን ጓደኛችን ያስረከበው ጽሑፍ ግማሹ በሌሊት ከትዝታው የተጻፈ ነበር።

ሒሳችን

ከዚህ በመነሣት ሦስት ነቀፌታ እናቀርባለን።

የመጀመሪያው ስለ ቀለሙ ነው። ከ0.05 ሴኮንድ ያለፈ የሰዓት ልዩነትና ማንም ሊከፍተው የማይችል የፋይል ሥርዐት በአንድ ቢጫ መታየታቸው ትክክል አይመስለንም። የሥርዐቱ ሠሪዎች ማስጠንቀቂያን ከስሕተት የለዩበት መንገድ በምክንያት ነው። የተዳከመው የፋይል ሥርዐት ሰርቨሩ ተነሥቶ በመዳን መንገድ ላይ ስላለ፣ በራሱ ይድናል ተብሎ ይታሰባል። ይህ ከሰርቨሩ በኩል ሲታይ እውነት ነው። ከባለጉዳዩ በኩል ሲታይ ግን፣ በሐኪም ቤት ደጅ ለቆመ ሰው «ሐኪሙ በመንገድ ላይ ነው» እንደ ማለት ነው። መንገዱ ዐሥር ሴኮንድ ይፍጅ ወይም ሁለት ሌሊት፣ ቀለሙ አይለይም።

ሁለተኛው ስለ ቦታ ነው። የዕለት መዝገቡ አልተከረከመም የሚለው ማስጠንቀቂያ፣ መብራት በማይጠፋበትና ሰርቨር በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ በሚነሣበት አዳራሽ ቀላል ነገር ነው፤ ዛሬ ባይከረከም ነገ ይከረከማልና። በሀይሌ ጋርመንት ግን መብራት ይሄዳል፤ እንደ ገና መነሣት ያልተለመደ አደጋ ሳይሆን የኑሮ ክፍል ነው። ስለዚህ ያው መስመር እዚያ «ቀስ ብለህ እየው» ሲል፣ እዚህ «ዛሬ መብራት ቢሄድ አልነሣም» ማለቱ ነው። የመመሪያው ጸሐፊ ይህን ሊያውቅ አይችልም፤ አንባቢው ግን ማወቅ ነበረበት። ሰዎች በሌላ አገር የመዘኑትን ክብደት እንዳለ ተቀብለን በሰሌዳችን ላይ መስቀላችን የእኛ ስንፍና ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር አለ። ስም የመጥራቱ ሕግ ዝግተኛውን ከሟቹ አይለይም። ረጅም መዝገብ በማንበብ ላይ ያለ ሰርቨር በሥራ ብዛት ታፍኖ ምልክቱን ሳይልክ ቢቀር፣ ሞኒተሩ ይሽረውና ሥራውን ለሌላ ይሰጣል፤ ሌላውም ከመጀመሪያው ይጀምራል። ፈተናውን ሊጨርስ ጥቂት የቀረውን ተማሪ አስነሥቶ፣ ባዶ ወረቀት ለሌላ ተማሪ መስጠት ይመስላል። የሴፍ መመሪያ ራሱ ይህን ስለሚያውቅ፣ እንዲህ ባለ ጊዜ የትዕግሥቱን ገደብ ከ15 ሴኮንድ ወደ 3600 ሴኮንድ ከፍ ማድረግን ይመክራል። ምክሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን ምክሩን ፈልጎ የሚያገኘው ችግር የደረሰበት ሰው ብቻ ነው።

ሦስተኛው ስለ ዝምታ ነው። የሜታዳታ መበላሸት ሲገኝ ሴፍ ያለ ማመንታት ቀይ ያሳያል። ግን የሚገኘው መቼ ነው? ሰርቨሩ የተበላሸውን ገጽ ለማንበብ በገለጠው ጊዜ ነው። ያልተገለጠ ገጽ ቢበላሽ ሰሌዳው አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። በዲስኮቹ ላይ ያለውን ዳታ ሴፍ በራሱ ጊዜ በየሳምንቱ ጠለቅ አድርጎ ይመረምራል፤ የፋይል ሥርዐቱን የስምና የማኅደር ዝምድና የሚመረምረው ፍተሻ ግን ሰው ካላዘዘው አይጀመርም። ስለዚህ «ጤናማ» የሚለው ቃል በትክክል ሲተረጐም «እስከ ዛሬ በነካሁት ላይ ሕመም አላገኘሁም» ማለት ነው። ይህም «ሕመም የለብኝም» ከማለት በጣም ይለያል።

ቆሞ መሄድና በትክክል መሥራት ሁለት መሆናቸውን ለተማሪ ማስረዳት የሚያስቸግር አይመስለንም። ከመጋቢት 6 ለ7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰውን ሁላችንም እናስታውሳለን። የገንዘብ ማውጫዎቹ በርተው ነበር፤ ገንዘብም ይሰጡ ነበር፤ ግን በሒሳባቸው ከነበረው በላይ ያወጡና ያስተላለፉ ሰዎች ነበሩ፤ ከነዚያም ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። የባንክ ሥርዐትና የፋይል ሥርዐት አንድ አይደሉም፤ ምክንያታቸውም የተለያየ ነው። ትምህርቱ ግን አንድ ነው። «ማሽኑ ይሠራል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን «የሚናገረው እውነት ነው ወይ?» የሚለውን አይመልስም።

ሊቀርብብን የሚችል መልስ

የሴፍ ወዳጆች ሊመልሱልን የሚችሉት ብዙ ነው፤ እኛም ልንሸሽገው አይገባም። አንደኛ፣ ቀለሙ መግቢያ በር እንጂ ቤቱ አይደለም፤ ዝርዝሩን የጠየቀ ሰው የእያንዳንዱን ማስጠንቀቂያ ስምና ምክንያት ያገኛል፤ እንዲያውም የዕለት መዝገቡ ክፍሎች ስንት እንደ ደረሱ በቍጥር ይነገረዋል። ሁለተኛ፣ ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሴፍ አንድን የታወቀ ማስጠንቀቂያ ለተወሰነ ጊዜ ዝም ማሰኘት ያስችላል፤ ጊዜው ሲያልፍ ወይም ነገሩ ሲባባስ ማስጠንቀቂያው ተመልሶ ይናገራል። የሰዓቱን ነገር ዝም አሰኝተን ቢሆን ኖሮ፣ ሰሌዳው አረንጓዴ ሆኖ ይቆይና መከርከሙ ወደ ኋላ በቀረ ዕለት ወደ ቢጫ ይለወጥ ነበር፤ እኛም እናየው ነበር። ሦስተኛ፣ የሰርቨሩን መለኪያዎች ሁሉ በየጊዜው መዝግቦ የሚያኖርና በግራፍ የሚያሳይ መሣሪያ አለ።

ይህ ሁሉ እውነት ስለ ሆነ፣ ከነቀፌታችን ግማሹን ወደ ራሳችን እንመልሰዋለን። ይሁን እንጂ ግማሹ በቦታው ይቆያል። ማጠቃለያ የሚሠራው ዝርዝሩን ለማያነብ ሰው ነው፤ ዝርዝሩን የሚያነብ ሰው ማጠቃለያ አያስፈልገውም። ስለዚህ ማጠቃለያ «ዝርዝሬን አንብቡ» ብሎ ራሱን መከላከል አይችልም።

ምን ይደረግ?

ነቅፎ ዝም ማለት ስለማይገባ፣ በክላስተራችን የጀመርነውን እንናገራለን።

በመጀመሪያ፣ ባለጉዳይ ሆነን መጠየቅ ጀምረናል። አንድ ትንሽ ፕሮግራም በየደቂቃው እንደ ማንኛውም ደንበኛ አንድ ፋይል ይፈጥራል፤ ስሙን ይለውጣል፤ ያነበዋል፤ ይሰርዘዋል፤ የፈጀበትንም ጊዜ ይጽፋል። ይህ ፕሮግራም ስለ ሰርቨሩ ሆድ ዕቃ ምንም አያውቅም፤ የሚያውቀው መጠበቁን ብቻ ነው። ስለዚህም ከሁሉ በፊት የምናየው ይህን ቍጥር ነው።

ሁለተኛ፣ የዕለት መዝገቡን ርዝመት ለብቻው አውጥተን «አሁን መብራት ቢሄድ» የሚል ርእስ ሰጥተነዋል። ከገደቡ ሲያልፍ ማስጠንቀቂያ ሳይሆን ስሕተት ብለን እንቈጥረዋለን፤ ትንንሽ ፋይሎች የሚያስገባውንም ሥራ እናቆማለን። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላልና።

ሦስተኛ፣ የሰርቨሩን የሚሞሪ ገደብ ከኮምፒዩተሩ ሚሞሪ በጣም ዝቅ አድርገነዋል። ሰርቨር በሰላም ጊዜ የሚበቃው ሚሞሪ ከውድቀት ሲነሣ እንደማይበቃው በጕዳት ተምረናል።

አራተኛ፣ የታወቀውን ቢጫ በጊዜ ገደብ ዝም እናሰኛለን፤ የሰዓቶቹንም ባትሪ ለውጠናል። ባትሪው ከሁሉ የረከሰው መድኀኒት ነበር፤ ከሁሉም የዘገየው እርሱ ነው።

አምስተኛ፣ የማኅደሮቹን ፍተሻ በወር አንድ ጊዜ፣ ቅዳሜ ማታ፣ በእጃችን እናዛለን።

መደምደሚያ

ሴፍ የሜታዳታ ሰርቨሮቹን የሚጠብቅበት ዘዴ ከብዙዎቹ የተሻለ ነው። ሰርቨሩ ተኝቶ «አቤት» እንዳይል ያደርጋል፤ ሕመሙን በስሙ ይናገራል፤ ደብተሩንም ለተተኪው አይደብቅም፤ የጓደኛችን ፋይሎች በደኅና የተመለሱልን በዚህ ምክንያት ነው። የጎደለው፣ የሰበሰበውን ምልክት በባለጉዳዩ ወንበር ላይ ተቀምጦ አለመመዘኑ ነው። ያን ወንበር ደግሞ ከሩቅ ያለ ሠሪ ሊያስቀምጥልን አይችልም፤ በየቦታችን እኛው ልናስቀምጠው ይገባል።

በአገራችን የሆስፒታል ካርድ፣ የተማሪ ውጤት፣ የመሬት ካርታና የባንክ ሒሳብ ወደ እንዲህ ዐይነት ማከማቻዎች እየገቡ ናቸው። ከነዚህ ማከማቻዎች አንዳንዶቹን ነገ የምንጠብቃቸው እኛ ተማሪዎቹ እንሆናለን። ያን ጊዜ አንድ አለቃ መጥቶ «ሰርቨሩ ደኅና ነው ወይ?» ብሎ ቢጠይቀን፣ ሰሌዳውን ብቻ አይተን «ደኅና ነው» እንዳንል ያስፈልጋል። በመጀመሪያ በደጁ ላይ የቆመ ባለጉዳይ መኖሩን፣ ካለም ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደ ቆመ እንይ።

በዚህ ጽሑፍ የተሳሳትነው ነገር ቢኖር መምህራኖቻችን እንዲያርሙን፣ ተመሳሳይ ሥራ የጀመሩ ጓደኞቻችንም ያዩትን በዚሁ መጽሔት እንዲጽፉልን እንለምናለን።